ሺ እግር ስንት እግር አለው?

«አክስቴ፣ አትርገጪው!»

የእህቴ ልጅ ክንዴን ስትጎትተኝ አንዱ እግሬ ገና አየር ላይ ነበር። ቀስ ብዬ ወደ ኋላ መለስኩት። እርጥብ ቅጠል ላይ፣ ልክ ልረግጥበት በነበረው ቦታ፣ የመሃል ጣቴን የሚያህል ጥቁር ነገር ይሄዳል። መሄድ ከተባለ ነው እንግዲህ። ጀርባው አይነቃነቅም፣ ዝም ብሎ ወደፊት ይንሸራተታል። ከሥሩ ግን እግሮቹ ተራ በተራ እየተነሱ፣ ተራ በተራ እየተኙ ያልፋሉ። ነፋስ የጤፍ ማሳ ላይ ሲያልፍ አይታችሁ ከሆነ፣ እንደዚያ ነው።

ዘጌ ነን። ሰኔ ገብቷል። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ተጉዘን፣ ከጀልባው ወርደን፣ በቡናው መሃል ሽቅብ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት እየወጣን ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። መንገዱ ያዳልጣል። ዛፉ ሁሉ ገና ያንጠባጥባል። እኔ ልጅቱን ያመጣኋት የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕል ላሳያት ነበር። እሷ ግን ከጀልባ ከወረድንበት ሰዓት ጀምሮ ዓይኗ መሬት ላይ ነው።

«እባብ ነው?»

«አይደለም። ሺ እግር ነው።»

«ሺ እግር አለው?»

«አዎ።»

«ቆጥረሽዋል?»

ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እኔ ደግሞ ከአርባ አልፌያለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። ይህን ፍጥረት በመቶ የሚቆጠር ጊዜ አይቼዋለሁ፣ በደርዘን የሚቆጠር ጊዜ ደግሞ በጫማ ጨፍልቄዋለሁ። እግሩን ግን አንድም ቀን ቆጥሬ አላውቅም።

ያደግኩበት ግቢ ማንጎና ዘይቱን ነበረው። ክረምት ሲገባ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አድሮ ጠዋት በር ስንከፍት፣ ሺ እግሩ ከየድንጋዩ ሥር ወጥቶ ግድግዳው ላይ ይወጣል። መታጠቢያ ቤት ይገባል። አንዴ ደግሞ ከወንድሜ የትምህርት ቤት ጫማ ውስጥ ወጥቷል። እናቴ ነጭ ጋዝ ይዛ ትዞራለች። «ተኝታችሁ ጆሯችሁ ውስጥ ይገባል» ትለን ነበር። እኔም በክረምት ጆሮዬን በነጠላ ሸፍኜ ነው የምተኛው። እንዲያውም እስከ ሃያ ዓመቴ ድረስ ሸፍኛለሁ፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ቀን ቀን ግን ጨዋታችን እሱ ነበር። በእንጨት ነካ ስናደርገው ይጠቀለላል። ጭንቅላቱን መሃል ላይ ደብቆ፣ ዙሪያውን በጀርባው ያጥራል። ልክ ሰፌድ ስትሰፋ ሴት መጀመሪያ የምትጠመጥማትን ክብ ይመስላል። ከዚያ ቁጭ ብለን እስኪፈታ እንጠብቃለን። አይፈታም። እኛ ነን ሰልችቶን የምንሄደው።

አሁን ሳስበው ስሙ ነው ያሳነፈን። «ሺ» በእኛ አፍ ቁጥር አይደለም። «ሺ ጊዜ ነገርኩሽ» ስትለኝ እናቴ ምናልባት ሦስት ጊዜ ነግራኛለች። «ሺ ዓመት ንገሥ» የተባለው ንጉሥም ሺውን የሚቆጥርለት አልነበረም። «ሺ ቢታለብ ያው በገሌ» ያለችው ድመትም ላሞቹን አልቆጠረችም። ሺ ማለት «ተወው፣ አይቆጠርም» ማለት ነው። አንድን ነገር ሺ እግር ብለህ ከጠራኸው፣ ከመጀመሪያው ላትቆጥረው ወስነሃል።

ልጅቱ ግን አልወሰነችም። ጉልበቷ ላይ ተቀምጣ ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... አስራ ምናምን ላይ ጠፋባት። እንደገና ጀመረች። እንደገና ጠፋባት። እግሩ ዝም ብሎ ቢቆም አንድ ነገር ነው፣ ይሄ ይንቀሳቀሳል።

እዚህ ላይ አንድ ልጅ መጣ። አስራ ሁለት ወይም አስራ ሦስት ዓመት ይሆነዋል። ከደንገል የተሠራች ትንሽ ታንኳ ሊሸጥልን ከታች ጀምሮ ሲከተለን ነበር። እኔ «በኋላ፣ ስንመለስ» እያልኩ ነበር የምገፋው። ቁጭ ብለን ሲያየን ታንኳውን መሬት ላይ አስቀመጠና፣ «እሱኮ አይነክስም» አለን። ከዚያ ደግሞ፣ «እግሩን አትቁጠሩ። ጀርባውን ነው መቁጠር» አለ።

እውነቱን ነው። ስልኬን አውጥቼ ከጎኑ ፎቶ አነሳሁት። ምስሉን አስፍተን ስናየው ገላው እንደ ሸንበቆ በአንጓ የተከፋፈለ ነው። አንጓው አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ ይቆጠራል። ሦስታችን ስልክ ላይ ተደፍተን ቆጠርን። እኔ 45 አልኩ። ልጅቱ 47። ልጁ 46 ብሎ ድርቅ አለ። ሁለተኛ ዙር ስንቆጥር እሱ ነው ትክክል የነበረው።

ከዚያ የእግሩን ነገር አየን። ከእያንዳንዱ አንጓ ሥር በግራ ሁለት፣ በቀኝ ሁለት፣ በጠቅላላው አራት እግር ይወጣል። ሺ እግርን ሺ እግር የሚያሰኘው ይሄ ነው እንጂ ብዛቱ አይደለም። ሊቃውንቱ እንደሚሉት እኛ አንድ አንጓ ብለን የምናየው ሁለት አንጓ ተጣብቆ የሠራው ነው። እግሩ ሁለት ሁለት ጥንድ ሆኖ የሚወጣውም ለዚያ ነው። በሳይንስ የወገኑ ስም ራሱ ይህንኑ ድርብነት ነው የሚናገረው። ሺ የሚል የለበትም።

ግን ሁሉም አንጓ እኩል አይደለም። ከጭንቅላቱ ቀጥሎ ያለው፣ እንደ ሸሚዝ ኮሌታ የሆነው፣ ምንም እግር የለውም። ቀጥለው የሚመጡት ሦስቱ አንድ አንድ ጥንድ ብቻ አላቸው። ጭራው አካባቢ ያሉትም ባዶ ናቸው። ይህን ያን ቀን አላወቅኩም ነበር፣ ማታ አንብቤ ነው ሒሳቡን ያስተካከልኩት። ከ46ቱ አንጓ ኮሌታውን አንድ፣ ቀጣዮቹን ሦስት፣ ከጭራ ሁለት ስንቀንስ 40 ይቀራል። 40 በአራት 160። የሦስቱን ስድስት እግር ስንጨምር 166። ወንድ ከሆነ ደግሞ ጥቂት ይቀንሳል፤ ለምን እንደሚቀንስ እመለስበታለሁ።

ገና እዚያው ስንቆጥር ግን «ሺ አይደለማ!» አለ ልጁ። ከዚያ ወደ ፍጥረቱ ጎንበስ ብሎ፣ «ስሙን በነጻ ነው የያዝከው» አለው።

ቁጥሩ ራሱ ቋሚ አለመሆኑንም በኋላ ነው ያወቅኩት። ሺ እግር ከእንቁላሉ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ሦስት ጥንድ እግር ብቻ ነው ያለው። እንደ ጉንዳን ስድስት ማለት ነው። ከዚያ ቆዳውን በጣለ ቁጥር አንጓ ይጨምራል፣ እግር ይጨምራል። እያደገ ይረዝማል እንጂ እንደ እኛ ሁሉን አሟልቶ አይወለድም። ስለዚህ እግሩን መቁጠር ብቻውን ዝርያውን አይነግርህም፤ ምናልባት ዕድሜውን ይነግርህ ይሆናል።

ቆጠራው ለጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቤተሰባችን ውስጥ አንድ ታሪክ አለ። አጎቴ ቡሬ አካባቢ የማሳ ድንጋይ ሲያነሳ አንድ ነገር ጣቱን ነደፈው። ክንዱ እስከ ማታ አብጦ፣ ሌሊቱን ሲያቃስት አደረ። እስከ ዛሬ ድረስ ታሪኩ ሲነሳ «ሺ እግር ነድፎት» ነው የሚባለው። እናቴ ነጭ ጋዝ ይዛ የምትዞረውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ሺ እግር ግን አይነድፍም። መንደፊያ የለውም፣ መርዝ የሚወጋበት ጥርስም የለውም። አጎቴን የነደፈው መቶ እግር ነው። ሁለቱን አንድ አድርገን ስለምንጠራ የአንዱን ዕዳ ሌላው ሲከፍል ኖሯል።

መለየቱ ደግሞ ከባድ አይደለም። መቶ እግር ጠፍጠፍ ያለ ነው፣ እግሩ ወደ ጎን የተዘረጋ ነው፣ የኋለኛው ጥንድ እንደ ጭራ ይጎተታል። ከእያንዳንዱ አንጓ የሚወጣው አንድ ጥንድ እግር ብቻ ነው። ሲሄድ ይሮጣል። ሥጋ በል ስለሆነ መሮጥ አለበት። ከጭንቅላቱ ሥር ያሉት የፊት እግሮቹ ወደ መርዝ መንጠቆ ተለውጠዋል፣ የሚይዘውና የሚወጋው በእነሱ ነው። ሺ እግር የሚበላው የወደቀ ቅጠል ነው። የወደቀ ቅጠል አይሸሽም፣ ስለዚህ እሱም አይሮጥም። አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምር። የመቶ እግር ጥንዶች ቁጥር በተለምዶ ጎዶሎ ነው፣ 15፣ 21፣ 23 እያለ ይሄዳል። መቶ እግር እንዲኖረው ደግሞ 50 ጥንድ ያስፈልገው ነበር። ስለዚህ እሱም ስሙን በነጻ ነው የያዘው።

ይህን ሁሉ ሳብራራ ልጅቱ አንስታው እጇ ላይ አስቀምጣዋለች።

«አስቀምጪው!» ከማለቴ ተጠቀለለ። ከጎኑ ቢጫ ነገር ወጣ። ሽታው ከአዮዲን እስከ በረኪና መሃል የሆነ ነገር ነው፣ አፍንጫ ይወጋል። መሬት ላይ ጣለችው። መዳፏ ላይ ቢጫ ነጠብጣቦች ቀሩ። ጀልባዋ ላይ ስንመለስ ቡናማ ሆነዋል። ባሕር ዳር በሳሙና ፈተግናት፣ ንቅንቅ አላለም። እናቴ መዳፏን ገልብጣ አየችና፣ «በማን ሠርግ ነው እንሶስላ ሞቃ የመጣችው?» አለች። ለቀናት አብሯት ቆየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሮጥ የማይችል፣ መንከስም የማይችል ፍጥረት ሌላ መላ ያስፈልገዋል። ብዙዎቹ ሺ እግሮች በአንጓዎቻቸው ጎንና ጎን ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሏቸው። ሲፈሩ ከዚያ ኬሚካል ያፈሳሉ። እንደዚህ እንደ ዘጌው ክብና ጥቁር በሆኑት ዘንድ ኪኖን የሚባል ነው፤ ቆዳ ያቀልማል፣ ያቃጥላልም። ለወፍና ለጉንዳን ግን አፍ የሚያስመርር ነው። እጅ ላይ ከነካ በውሃና በሳሙና መታጠብ ነው። ዋናው ነገር በዚያ እጅ ዓይንን አለማሸት ነው። ልጅ ያላችሁ ይህችን ያዙልኝ።

ወደ ላይ ስንቀጥል ልጁም አብሮን መጣ። የሚሸጠውን ረስቷል። እየሄደ የበሰበሰ ግንድ ይገለብጣል፣ እኛ ጎንበስ ብለን እናያለን፣ መልሶ ያስተኛዋል። (መልሶ ማስተኛቱን እኔ አይደለሁም ያስተማርኩት። «ቤቱ ነው» አለኝ።)

በሦስተኛው ግንድ ሥር ሌላ ዓይነት አገኘን። ቡናማ፣ አጭር፣ ጀርባው ጠፍጣፋ። ከየአንጓው ጎን ትንንሽ ክንፍ የሚመስል ነገር ወጥቶለታል፣ ከላይ ሲያዩት የዚፕ ጥርስ ይመስላል። ከመቶ እግር ጋር ያምታታል። እኔም ወደ ኋላ ብያለሁ። ልጅቱ ግን በስንጥር ገልብጣ፣ «ሁለት ሁለት ነው!» ብላ ጮኸች። ሺ እግር ነው። ይህ ጠፍጣፋ ጀርባ ያለው ወገን አብዛኛውን ጊዜ 20 ገደማ አንጓ ነው ያለው፣ ዓይንም የለውም። መንገዱን የሚያገኘው በመዳሰሻው ነው።

ሽታው ደግሞ ሌላ ነው። ጎንበስ ብዬ ሳሸተው በቀጥታ ወደ ልጅነቴ ወሰደኝ። ኮክ በልተን ስንጨርስ ፍሬውን በድንጋይ እንሰብር ነበር፣ ውስጡ ያለችውን መራራ ነገር ለማየት። ያ ሽታ ነው። መመሳሰሉም እንዲያው አይደለም። የኮክ ፍሬም ሲሰበር፣ ይህ ወገንም ሲደነግጥ፣ የሚወጣው አንድ ነገር ነው፤ ሳያናይድ። ከአንድ ትንሽ ሺ እግር የሚወጣው ሰው አይጎዳም። ተንኮለኛ ጉንዳን ግን ያባርራል። ለማንኛውም እኔ ሁለተኛ አላሸተትኩም።

አሁን የኔን ጉድ ልናገር። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ስንደርስ፣ ከድንጋይ ሥር ግራጫ ትንሽ ነገር ወጣ። ሲነካ እንደ ሽንብራ ክብ ሆነ። እስከዚያ ድረስ በደንብ ሞቆኛል። «ይሄ ደግሞ ኳስ የሚሆን የሺ እግር ዓይነት ነው» ብዬ አስረዳሁ። እንደዚያ ያሉ ሺ እግሮች በዓለም ላይ መኖራቸውን አንድ ቦታ አንብቤያለሁ። ልጆቹ አመኑኝ። ማታ ፎቶውን ሳሰፋ ሰባት ጥንድ እግር። አስራ አራት። ከአንድ አንጓ አንድ ጥንድ። ሺ እግርም፣ መቶ እግርም አይደለም። እየዳኸ ወደ የብስ የወጣ የሽሪምፕ ዘመድ ነው፤ እስከ ዛሬም የሚተነፍሰው አብዛኛውን በሆዱ ሥር ባሉ ሳንባ መሰል ቅጠሎች ነው፣ እርጥበት ካጣ ይሞታል። ጠዋት ቁርስ ላይ ለልጅቱ ይቅርታ ጠየቅኩ። «ያንን ልጅስ ማን ይነግረዋል?» አለችኝ። እስካሁን አልነገርነውም።

ግቢው ውስጥ አንድ አረጋዊ መነኩሴ የረገፈ ቅጠል ከበሩ አካባቢ እየጠረጉ ወደ ቡናው ሥር ይገፋሉ። ተሳለምናቸው። የልጅቱን መዳፍ አይተው ሳቁ።

«አባ፣ ይሄ ነገር ቡናውን አይጎዳብዎትም?» አልኳቸው።

«ምኑን ነክቶት? እሱ የሞተ ቅጠል ነው የሚበላ። ሕያው አይነካም» አሉኝ። መጥረጊያቸውን ተደግፈው ትንሽ አሰቡና፣ «በጋውን አታገኙትም። ሱባኤ ይገባል። ዝናብ ሲመታ ነው የሚወጣ» አሉ።

ከዚህ የተሻለ አባባል በየትኛውም ጽሑፍ ላይ አላገኘሁም። የሺ እግር ቆዳ የብዙ ነፍሳትን ቆዳ ያህል ውሃ አይዝም፤ ፀሐይ ላይ ከቆየ ይደርቃል። ስለዚህ በጋውን አፈር ውስጥ ዘልቆ፣ ድንጋይና ግንድ ሥር ተጠቅልሎ ያሳልፋል። እግሩ ብዙ የሆነውም ለሩጫ ሳይሆን ለዚህ ነው። ሁሉም እግር አንድ ላይ ሲገፋ ጭንቅላቱን እንደ ቡልዶዘር አፈርና ብስባሽ ውስጥ ይሰድደዋል። ሱባኤው ውስጥ የሞተውን ደግሞ በበጋ ታገኙታላችሁ፤ ቅርፊቱ ኖራ መሰል ነገር ስላለበት ነጥቶ፣ አንጓው ተበታትኖ፣ ክሩ እንደተበጠሰ ዶቃ ቅጠል መሃል ይቀራል።

ዘጌ ለእሱ ተመቻችቶ የተሠራ አገር ነው። ከጥንት ጀምሮ በገዳሙ ሥርዓት ማረስ ክልክል ነው፣ በሬ አይጠመድም። ሕዝቡ በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው የኖረው። ቡናው ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው፣ ቅጠሉ የወደቀበት ይበሰብሳል። ሺ እግሩ ያንን ቅጠል ያኝካል፣ አድቅቆ በኩሱ ያወጣል፣ ከዚያ ሻጋታና ባክቴሪያ ይረከበዋል። መጨረሻ ላይ የቡናው ሥር ይደርሰዋል። ያቺን ጠዋት ጀበናው አጠገብ ተቀምጬ የጠጣኋት ስኒ ውስጥ የእሱ ሥራም አለበት ማለት ነው። እናቴ ይህን ስነግራት ስኒዋን አስቀመጠች።

ከዘጌ ውጪ ያለው ጎጃም ግን እንዲህ አይደለም። ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ ስትሄዱ ሁሉም ማሳ ነው። ጫካ የሚባለው የቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ብቻ ነው፤ ከሩቅ እንደ ደሴት ይታያል። ስለነዚህ ደኖች ለዓመታት ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ጓደኞቻቸው ከማኅበረሰቡ ጋር ሆነው በድንጋይ አጥር እንዲከለሉ ሠርተዋል። ስለ ደኖቹ ሲወራ ስለ ዛፉና ስለ ወፉ ነው የሚወራው። እኔ አሁን የማስበው ስለዚህ ቀርፋፋ ፍጥረት ነው። ወፍ ከደን ደን ትበራለች። ሺ እግር ግን በታረሰ፣ ፀሐይ በሚያነድደው መሬት ላይ ሁለት ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚቀጥለው ቤተ ክርስቲያን አይደርስም። በዓለም ላይ ከ12 ሺ በላይ የሺ እግር ዝርያ ተመዝግቧል፤ ብዙዎቹ ከአንድ ተራራ ወይም ከአንድ ሸለቆ ሌላ የትም አይገኙም። ስለማይሄዱ ነው።

ታዲያ የኛው ዝርያው ምንድነው? ስልኬ ላይ ባለ አንድ መተግበሪያ ፎቶውን ሰጠሁት። በሰከንድ ውስጥ በሙሉ ልብ የሌላ አህጉር ስም ሰጠኝ። ሌላ ፎቶ ሰጠሁት፣ ሌላ አህጉር። እሱም እንደኔ ሞቆታል። ምክንያቱ ደግሞ ገባኝ። ሺ እግርን እስከ ዝርያው ለመለየት ቀለሙና ርዝመቱ አይበቃም። አብዛኛውን ጊዜ የሚለየው በወንዱ ሰባተኛ አንጓ ነው። እዚያ ያሉት እግሮች መሄጃ መሆናቸው ቀርቶ ለመገናኛ የሚያገለግል ትንሽ መሣሪያ ሆነዋል፤ ቅርጹ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል፣ እንደ ቁልፍ። (ወንዱ እግሩ ይቀንሳል ያልኳችሁም ለዚህ ነው።) ያንን ለማየት ማጉሊያና የሞተ ወንድ ያስፈልጋል። እኔ ሁለቱም የለኝም፣ ሁለተኛውንም አልፈልግም። ማስታወሻዬ ላይ እንዲህ ብዬ ተውኩት፤ «ዘጌ፣ ሰኔ፣ ጥቁር፣ ክብ፣ 46 አንጓ፣ በአንድ አንጓ አራት እግር። ያቀልማል።»

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ነገሩ አልለቀቀኝም። ማታ ማታ ሳነብ ነበር። ስኮትላንድ ውስጥ ስቶንሄቨን በሚባል የባሕር ዳርቻ፣ ማይክ ኒውማን የሚባል የአውቶቡስ ሹፌር ድንጋይ ላይ የሺ እግር ቅሪተ አካል አገኘ። ከአንድ ሳንቲም ሜትር ብዙም አይበልጥም። አየር የሚያስገባበት ቀዳዳ ግን ይታያል። ዕድሜው ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በይፋ ሲገለጽ፣ በየብስ ላይ አየር ከተነፈሱት እንስሳት ሁሉ ቀዳሚው ማስረጃ ተባለለት፣ የሹፌሩም ስም ለዝርያው ተሰጠ። ከዚያ በኋላ በመጣው ዘመን ደግሞ ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ የሚረዝም የሺ እግር ዘመድ ነበር። በእናቴ መታጠቢያ ቤት አስቡት።

የቆጠራው ነገርም መልስ አገኘ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የትኛውም ሺ እግር ሺ እግር ኖሮት አያውቅም ነበር፤ ትልቁ ቁጥር የአንድ ካሊፎርኒያ ውስጥ የተገኘ ዝርያ 750 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ግን ከምዕራብ አውስትራሊያ ዜና መጣ። ለማዕድን ፍለጋ የተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ፣ 60 ሜትር ያህል መሬት ሥር፣ እንደ ክር የቀጠነች፣ ዓይን የሌላት፣ ከአስር ሳንቲም ሜትር ያነሰች አንዲት እንስት ተገኘች። እግሯ ሲቆጠር 1,306። ወዲያው ለእህቴ ልጅ ደወልኩ። «ሺ እግር ያለው ተገኘ» አልኳት። «ማን ቆጠረው?» አለችኝ።

ባለፈው ነሐሴ ደግሞ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እናቴ ደወለች። ዝናቡ በስልኩ ውስጥ ይሰማል።

«አንድ ነገር መታጠቢያ ቤት ገብቷል» አለች። «ያ ዘመድሽ ነው መሰለኝ።»

«ክብ ነው ጠፍጣፋ?»

«ምኑን አውቄ! ቀይ ነው። ሮጦ ባልዲው ሥር ገባ።»

«ሮጦ?»

«አዎ ሮጦ። ቆይ መብራቱን ላስጠጋው።» ስልኩን አስቀመጠች። ባልዲው ሲጎተት ሰማሁ። ነጭ ጋዙን ትታ ልጆች እንደሚያደርጉት ጎንበስ ብላ ስትመለከት ታየኝ፣ በሰባ ሦስት ዓመቷ፣ በዚያ በወገቧ። ብዙ ቆየች። ከዚያ ድምጿ ከሩቅ መጣ።

«አንድ አንድ ነው» አለች።

ቀጥሎ የሰማሁት የጫማ ድምፅ ነው።